ቁልፍ ሌላ፣ ውክልና ሌላ፦ ኢሜይልን ከመላኪያ መሣሪያ ጋር ስለማገናኘት

ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት አለኝ። ባለፉት ዓመታት ያስተናገድናቸው ወደ 900 የሚጠጉ እንግዶች ኢሜይል በኤክሴል ተይዟል። ብዙዎቹ ጀርመን፣ ፈረንሳይና አሜሪካ ናቸው። የጥምቀት ጉዟችንን የሚያስተዋውቅ አንድ ደብዳቤ ለሁሉም ለመላክ ብለን የድርጅቱን ጂሜይል ከአንድ የመላኪያ መሣሪያ ጋር ለማገናኘት ሞከርን። መጀመሪያ «ፓስወርድ ተሳስቷል» አለን። ፓስወርዱ ግን ትክክል ነው፤ ስልኬ ላይ በዚያው ነው የምገባው። ሌላ መሣሪያ ስንሞክር አድራሻችንን በኮድ አረጋግጦ ተቀበለን። ለራሴ የላክሁት ሙከራ ግን ስፓም ውስጥ ገባ። የራሳችን ዶሜይን አለን፣ የምንጠቀምበት ግን ለዌብሳይቱ ብቻ ነው። ሳይቱን የሠራልን ልጅ ደግሞ ካናዳ ሄዷል። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ሁለት የተለያዩ ጣጣዎች ናቸው በአንድ ላይ የገጠሙሽ። ያሳሳተሽ «ማገናኘት» የሚለው ቃል ነው። መሣሪያዎቹ ራሳቸው ለሁለቱም ነገር ያንኑ ቃል ስለሚጠቀሙ በአንቺ አልፈርድም።

የመጀመሪያው መሣሪያ የጠየቀሽ የቤትሽን ቁልፍ ነው። ፓስወርድሽን ይዞ ወደ ጂሜይልሽ ይገባል፣ ልክ አንቺ እንደላክሽው አድርጎ በጉግል ሰርቨር በኩል ይልካል። ሁለተኛው ቁልፍ አልጠየቀሽም። እሱ የሚፈልገው ውክልና ነው። ደብዳቤውን ከራሱ ሰርቨር ይልካል፣ ከላይ ግን የአንቺን ስም ይጽፍበታል። የላከልሽ ኮድ አድራሻው የአንቺ መሆኑን ለራሱ ያረጋገጠበት ብቻ ነው። ደብዳቤውን የሚቀበለው ወገን ስለዚያ ኮድ የሚያውቀው ነገር የለም።

አጭሩን መልስ ከፈለግሽ ይኸው። ለ900 ሰው የሚሆንሽ ውክልናው ነው። ውክልና ግን በጂሜይል አድራሻ አይሰጥም። የሚሰጠው ባለቤት በሆንሽበት ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ከ@ ምልክት በኋላ በሚጻፈው የራስሽ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራሽ የሚጀምረው ካናዳ ያለውን ልጅ ከመፈለግ ነው። አሁን ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ከፓስወርዱ ልጀምር። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ጉግል ግን ከዚያ መሣሪያ እጅ አልቀበልም ብሏል። ድሮ ሴቲንግ ውስጥ «ደህንነታቸው አስተማማኝ ያልሆነ መተግበሪያዎች» የምትባል ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። እሷን አብርተሽ የትኛውንም ፕሮግራም በመደበኛ ፓስወርድሽ ማስገባት ትችይ ነበር። በፈረንጆቹ ሜይ 30 ቀን 2022 ለግል አካውንቶች ተዘጋች። ከዚያ በፊት የተቀረጹ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ዛሬም «ግቡና አብሯት» ይላሉ። ፈልገሽ አትድከሚ፣ የለችም። ማይክሮሶፍትም ለግል የአውትሉክና የሆትሜይል አካውንቶች በሴፕቴምበር 2024 ሌላ ፕሮግራም በመደበኛ ፓስወርድ እንዲገባ መፍቀድ አቁሟል።

አሁን ቁልፍ የሚሰጥባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «በጉግል ግባ» የሚለው በተን ነው። የጉግል ገጽ ራሱ ይከፈትና መሣሪያው ምን ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ይዘረዝርልሻል። ትፈቅጃለሽ ወይም ትከለክያለሽ፣ ፓስወርድሽ ለመሣሪያው አይደርስም። እዚህ ገጽ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢ። «በስምሽ ኢሜይል መላክ» ብቻ ካለ፣ ይሁን። «ኢሜይሎችሽን ሁሉ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መላክና እስከወዲያኛው ማጥፋት» ካለ ግን ለአንድ የጥምቀት ማስታወቂያ ይህ ሁሉ ለምን? የእንግዶችሽ የፓስፖርት ኮፒ እዚያው ኢንቦክስ ውስጥ አይደል ያለው?

ሁለተኛው መንገድ አፕ ፓስወርድ ይባላል። ጉግል ለአንድ መሣሪያ ብቻ ብሎ የሚያወጣልሽ ባለ 16 ፊደል ፓስወርድ ነው። ለማግኘት መጀመሪያ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት አለብሽ። ከዚያ በጉግል አካውንትሽ የደህንነት ክፍል ውስጥ አፕ ፓስወርድ ብለሽ ፈልጊ፣ ለመሣሪያው ስም ስጪው፣ የሚወጣውን ኮፒ አድርጊ። አንዴ ብቻ ነው የሚታየው። አራት አራት ፊደል እየተከፈለ ስለሚታይ ክፍተቶቹን አውጥተሽ ለጥፊው፣ አንዳንድ መሣሪያ ክፍተቱ ያደናግረዋል። ፖርት (ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት የበር ቁጥር) ከጠየቀሽ 587 ወይም 465 በይው። 25ን ተይው፣ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም ይዘጉታል። ስህተት ሲመጣ ቁጥሩን ማየት ልመጂ። 534 ከሆነ «አፕ ፓስወርድ አምጪ» ማለቱ ነው። 535 ከሆነ የሰጠሽውን አልተቀበለም፤ ወይ ተሳስተሻል፣ ወይ አፕ ፓስወርዱ ተሰርዟል።

ስለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የድርጅት ጂሜይል በአንድ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ታስሮ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ድርጅቱ ከራሱ ኢሜይል ውጭ ሲቀር በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሻል። አትሚያቸውና ከንግድ ፈቃድሽ ጋር አብረሽ አስቀምጪ። ስልክሽን ጥለሽ የመጣሽ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።

ታዲያ አፕ ፓስወርድ ካለ ለምን በዚያው አንልክም ትይኝ ይሆናል። ይቻላል። እኔ ግን ለአንቺ ጉዳይ አልመክርም። ነፃ ጂሜይል በቀን የሚፈቅደው ለ500 ተቀባይ ነው። ለጉግል ወርክስፔስ ደንበኞች 2,000 ነው፣ አንቺ ግን በነፃው ላይ ነሽ። መጠኑን ካለፍሽ መላክ ይከለከልሻል፤ እገዳው እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የሚከለከለው ማስታወቂያው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አካውንቱ ነው የሚከለከለው። ላሊበላ ላይ ያለ ሆቴል ክፍል ሊሰርዝብሽ «እስከ ማታ አረጋግጪ» ብሎ ጽፎልሽ አንቺ መመለስ አትችይም። በዋናው ወቅት ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞ አፕ ፓስወርድ ለመላክ ብቻ የሚያገለግል ይመስላል እንጂ አይደለም። እሱን የያዘ ሰው ኢንቦክስሽን ማንበብም ማጥፋትም ይችላል። ዋናውን ፓስወርድ ስትቀይሪ ደግሞ ያወጣሻቸው አፕ ፓስወርዶች በሙሉ ይሰረዛሉ። ሠራተኛ ሲለቅ ፓስወርድ ትቀይሪያለሽ፣ መሣሪያው ድምፁን አጥፍቶ መላክ ያቆማል፣ ከወር በኋላ «ለምን ቦታ ማስያዣ ቀነሰ?» ትያለሽ።

ለትንሽ ነገር ግን ጥሩ ነው። ዌብሳይትሽ ላይ ያለው «አግኙን» የሚለው ቅጽ በቀን አሥር ሃያ መልእክት ወደ ኢሜይልሽ የሚልክ ከሆነ በአፕ ፓስወርድ ይሠራል። ለብቻው ሌላ ጂሜይል ክፈቺለትና በዚያ ይላክ። የፓስፖርት ኮፒ ያለበትን ዋናውን አትስጪ።

አሁን ወደ ውክልናው እንምጣ። የነገሩ ልብ እዚህ ነው።

አንድ ሰው የድርጅትሽን ስም በደብዳቤ ራስጌ ላይ አሳትሞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢገባ ምን ይሆናል? መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ራስጌውን አይታ አትቀበለውም። ክብ ማህተሙ የታለ፣ ቲተሩ የታለ፣ አንተስ ማን ነህ፣ ውክልና ይዘሃል ወይ ትለዋለች። ኢሜይል ሲፈጠር ይህች ሴትዮ አልነበረችም። ኢሜይል የሚላክበት ኤስኤምቲፒ የሚባለው ሥርዓት በ1982 ሲወጣ «ከማን» በሚለው መስመር ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻል ነበር። ጠያቂ የለም። የተጠቃሚዎቹ ዓለም ጠባብ ስለነበረ ችግር አልሆነም። ዓለሙ ሲሰፋ አጭበርባሪው ሁሉ የባንክ ስም እየጻፈ መላክ ጀመረ፣ ከዚያ መዝገብ ቤቷ ተቀጠረች። ሦስት ነገር ትጠይቃለች።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል። በዶሜይንሽ ላይ የሚለጠፍ የተላላኪዎች ስም ዝርዝር ነው፦ «በእኛ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» የሚል። ሁለተኛው ዲኪም ነው። ይህ ማህተሙ ነው። ማህተሙ መሣሪያው ጋ ይቀመጣል፣ የማህተሙ ናሙና ግን አንቺ ዶሜይን ላይ ይለጠፋል። ተቀባዩ ደብዳቤው ላይ ያረፈውን ማህተም ከናሙናው ጋር ያመሳክራል። በመንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢቀየር እንኳ ማህተሙ አይገጥምም። ሦስተኛው ዲማርክ ነው። እሱ ለመዝገብ ቤቷ የተጻፈ መመሪያ ነው፦ ራስጌው ላይ ያለው ስምና ማህተሙ የአንድ ባለቤት ካልሆኑ ደብዳቤው ምን ይደረግ? ዝም ብለሽ አስገቢው፣ ወደ ስፓም ወርውሪው፣ ወይስ ከበር መልሺው? «ኖን»፣ «ኳራንቲን» እና «ሪጀክት» የሚሉት ሦስት ቃላት እነዚህ ናቸው።

እንግዲህ ሙከራሽ ስፓም የገባበትን ምክንያት ራስሽ ልትመልሺው ትችያለሽ። ራስጌው ላይ የጂሜይል አድራሻ አለ። መሣሪያው የጂሜይልን ማህተም መምታት አይችልም፣ ናሙናውን በጂሜይል ዶሜይን ላይ መለጠፍ የሚችለው ጉግል ብቻ ነዋ። ስለዚህ የራሱን ማህተም መታበት። ከላይ የአንቺ ስም፣ ከታች የሌላ ድርጅት ማህተም። ሙከራውን የላክሽው ደግሞ ለራስሽ ነው። ለጉግል የታየው ይህ ነው፦ «ከአንቺ የመጣ» የሚል ደብዳቤ፣ በአንቺ ስም፣ ወደ አንቺ፣ ግን ከማያውቀው በር። እኔም ብሆን ስፓም እለው ነበር።

ይህን በብልሃት ማለፍ አይቻልም። ያሁ በኤፕሪል 2014 በራሱ አድራሻዎች ላይ «ሪጀክት» ብሎ ሲለጥፍ በያሁ አድራሻ ከሌላ ሰርቨር ይልኩ የነበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሱባቸው። ጉግልም ለላኪዎች ባወጣው መመሪያ የጂሜይል አድራሻን «ከማን» መስመር ላይ እያስመሰላችሁ አትላኩ ይላል። አንዳንድ መሣሪያዎች ችግሩን ስለሚያውቁት የጂሜይል አድራሻሽን አንስተው በራሳቸው ዶሜይን ይተኩታል። ደብዳቤው ይደርስ ይሆናል፣ የጀርመኗ እንግዳሽ ግን ከማታውቀው አድራሻ የመጣ የኢትዮጵያ ጉብኝት ማስታወቂያ ታያለች። እሷ ራሷ ነች ስፓም የምትለው።

ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ጉግልና ያሁ ነገሩን አጥብቀውታል። ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ሊኖረው ይገባል። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፣ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫም ማስቀመጥ አለበት። አንቺ 5,000 አትደርሺም። ቢሆንም ሦስቱንም አድርጊ። ሥራው ያው አንድ ከሰዓት ነው።

አንድ ከሰዓት የምልሽ ግን የዶሜይኑ ቁልፍ እጅሽ ላይ ካለ ነው። የእኛ አገር ትልቁ ችግር ይህ ነው። ዌብሳይት የሚሠራው ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ወይም በዘመድ የዶላር ካርድ ይገዛዋል። በክፋት አይደለም፣ ያኔ የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው። ድርጅቱም «ዌብሳይት አለን» ብሎ ይኖራል። በእርግጥ ያለው ግን ልጁ ነው። ልጁ አገር ሲቀይር፣ ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ፣ የማሳሰቢያ ኢሜይሎቹ እሱ ወደማያየው ሳጥን ሲገቡ ዶሜይኑ ይሄዳል። አንድ ደንበኛዬ ይህ ደርሶበት የስምንት ዓመት ስሙን ጥሎ በሌላ ስም ጀምሯል። የቢዝነስ ካርዱ ሁሉ እንደገና ታተመ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ልጁን አግኚው። ቴሌግራም ላይ መኖሩ አይቀርም። ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ዶሜይኑ የተመዘገበው የት ነው፣ በየትኛው ኢሜይል ነው፣ የሚያልቀውስ መቼ ነው። በትህትና ጠይቂው፣ አሁን በእጁ ነሽ። እሱ እስኪመልስልሽ የዓለምን የዶሜይን ስሞች በሚያስተባብረው በአይካን የዶሜይን መፈለጊያ ገጽ ላይ የዶሜይንሽን ስም ብታስገቢ የመዝጋቢውን ድርጅት ስም፣ የሚያልቅበትን ቀንና ኔምሰርቨሮቹን (የዶሜይንሽ መዝገቦች የሚነበቡባቸውን ሰርቨሮች) ታያለሽ። መጨረሻው ነጥብ ኢቲ ከሆነ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ የድርጅትሽን ሰነድ ይዘሽ ወደዚያ ነው። ልጁ ፈቃደኛ ከሆነ አካውንቱን በአንቺ ኢሜይል ያድርገው ወይም ዶሜይኑን አንቺ ወደምትከፍቺው አካውንት ያዛውረው። ፓስወርድ ብቻ ልኮልሽ እንዳትረኪ። የመዝገቡ ኢሜይል የእሱ ከሆነ ነገ «ፓስወርድ ረሳሁ» ቢል የሚላከው ለእሱ ነው።

ይህ ካለቀ የቀረው ሥራ መገልበጥ ነው። መጀመሪያ በዶሜይኑ ላይ አንድ አድራሻ ይኑርሽ። ሆስቲንግሽ (ዌብሳይትሽ የተቀመጠበት አገልግሎት) ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ገጽ ካለው እዚያው በነፃ ትከፍቻለሽ፣ ወይም የሚመጣውን ሁሉ ወደ ጂሜይልሽ የሚያስተላልፍ ፎርዋርደር ታደርጊያለሽ። ሥራሽን በጂሜይል መቀጠልሽን አይከለክልም። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ ገብተሽ አድራሻ ሳይሆን ዶሜይን ጨምሪ። የታወቁት መላኪያ መሣሪያዎች ሜይልቺምፕም ሆነ ብሬቮ «ዶሜይን አረጋግጥ» የሚል ቦታ አላቸው። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት መዝገቦች ይሰጡሻል። እያንዳንዱ ዓይነት፣ ስምና ዋጋ አለው። እነዚህን ዲኤንኤሱ (የዶሜይንሽ መዝገቦች የሚለጠፉበት ሰሌዳ) ያለበት ቦታ ወስደሽ አንድ በአንድ ትለጥፊያለሽ። በእጅ አትጻፊ። የዲኪሙ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠር ፊደል ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚወድቅባቸውን ጉድጓዶች ልንገርሽ፣ እኔም ወድቄባቸዋለሁ።

አንደኛው ስሙ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። መሣሪያው ስሙን ከነዶሜይንሽ ሙሉውን ይሰጥሻል። ብዙ የዲኤንኤስ ገጾች ግን ዶሜይኑን ራሳቸው ከኋላ ይጨምሩበታል። ውጤቱ ዶሜይንሽ ሁለት ጊዜ የተደረደረበት መዝገብ ነው፣ መሣሪያው ደግሞ «አላገኘሁም» ይላል። ካስቀመጥሽ በኋላ ዝርዝሩን መልሰሽ እዪው። ሁለት ጊዜ ካለ አንዱን አጥፊ።

ሌላው ሁለት ኤስፒኤፍ ነው። ሆስቲንግሽ አንድ ኤስፒኤፍ አስቀድሞ ለጥፎ ይሆናል። አዲስ መሣሪያ ኤስፒኤፍ ጨምሪ ሲልሽ ሌላ መዝገብ አትክፈቺ፤ ያለውን ከፍተሽ «ኢንክሉድ» የሚለውን አዲሱን ክፍል ከመጨረሻዋ «ኦል» ከሚለው ቃል በፊት አስገቢ። ሁለት የተላላኪ ዝርዝር ያየች መዝገብ ቤት የትኛውን ልመን አትልም፣ ሁለቱንም ነው የምትጥለው። በአንዱ ውስጥም ቢሆን እንደ «ኢንክሉድ» ያሉ፣ ተቀባዩ ሌላ መዝገብ እንዲፈልግ የሚጠይቁ ክፍሎች ከ10 መብለጥ የለባቸውም። በነገራችን ላይ ሜይልቺምፕ ኤስፒኤፍሽን እንድትነኪ አይጠይቅሽም፤ ከዲማርክ ጋር የሚያስማማሽ ማህተሙ ነው፣ ማለትም ዲኪሙ። ስለዚህ መሣሪያው ሳይጠይቅሽ አንድ ቦታ ያነበብሽውን እየጨመርሽ አታጨናንቂው።

ክፉው ጉድጓድ ግን ኔምሰርቨር መቀየር ነው። አንዳንድ መሣሪያ ወይም ድረ ገጽ መሥሪያ «ኔምሰርቨርህን ወደ እኛ ቀይር፣ ሁሉን እናስተካክልልሃለን» ይላል። ይህን እሺ ስትይ የተለጠፉት ማስታወቂያዎች በሙሉ የሚነበቡበት ሰሌዳ ነው የሚቀየረው። አዲሱ ሰሌዳ ባዶ ነው። ሥራ ስጀምር አንድ ቢሮ ውስጥ አደረግሁት። ኢሜይል የሚገባበትን የሚያመለክተው ኤምኤክስ የሚባለው መዝገብ በአሮጌው ሰሌዳ ላይ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ቢሮው አንድም ኢሜይል አልደረሰውም፣ ማንም አላወቀም፣ «ዛሬ ዝም ብሏል» ተባለ። እኔም አብሬ «ዛሬ ዝም ብሏል» ስል ነበር። ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ያሉትን መዝገቦች በሙሉ በስክሪንሾት ያዢ።

የዶሜይንሽ ዲኤንኤስ ክላውድፍሌር በሚባለው አገልግሎት በኩል ከሆነ ደግሞ ከመዝገቡ ጎን ያለችውን ብርቱካናማ ደመና ለዲኪም መዝገቦች አጥፊያት። ከበራች ተቀባዩ የሚያየው የክላውድፍሌርን አድራሻ ነው፣ ማህተሙን አያገኘውም።

ዲማርኩን መጀመሪያ «ኖን» አድርገሽ ለጥፊው፣ ሪፖርት የሚላክበት ኢሜይልም አስገቢበት። ለጥቂት ሳምንት በስምሽ ማን ማን እየላከ እንዳለ ታያለሽ። አንቺ የረሳሽው የቦታ ማስያዣ ሲስተም ብቅ ሊል ይችላል። ሁሉም ሲስተካከል ወደ «ኳራንቲን» ታሳድጊዋለሽ። በመጀመሪያው ቀን «ሪጀክት» የሚል ሰው የራሱን ደረሰኝ ከበር ያስመልሳል።

መሣሪያው ወዲያው «ተረጋግጧል» ካላለሽ ሻይ ጠጪና ተመለሺ። አንዳንዴ ደቂቃ ነው፣ አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል። መሣሪያዎቹ እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ ይላሉ። በየአምስት ደቂቃው እየሰረዙ እንደገና መጻፍ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም።

ሙከራውን በዚህ መልክ ላኪ። ከአዲሱ የዶሜይን አድራሻሽ፣ ወደ ሌላ ሰው ጂሜይል። ለእህትሽ፣ ለሹፌሩ፣ ለማንም፣ ብቻ ለራስሽ አይሁን። ከዚያ በኮምፒውተር ይከፈት፤ በስልኩ አፕ ይህ ምርጫ የለም። ከደብዳቤው በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነሽ «ዋናውን አሳይ» በዪ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚሉ ሦስት መስመሮች ይመጣሉ። ሦስቱም «ፓስ» ማለት አለባቸው። ግን «ፓስ» ብቻ አይበቃም። ዲኪሙ ጎን የተጻፈው ዶሜይን የማን ነው? የመሣሪያው ብቻ ከሆነ ውክልናሽ አልጸደቀም ማለት ነው። የአንቺ ስም መኖር አለበት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ደብዳቤው ስፓም ሊገባ ይችላል። ማህተም የሚያረጋግጠው የላከው ማን እንደሆነ ነው፤ ደብዳቤው የሚፈለግ መሆኑን አይደለም። ወደ 900ው ዝርዝርሽ እንሂድ።

ጉግል ላኪዎችን የሚለካበት አንድ ቁጥር አለ፦ ስፓም ብለው የጠቆሙ ተቀባዮች መጠን 0.3 በመቶ እንዳይደርስ፣ የሚመረጠው ደግሞ ከ0.1 በታች እንዲሆን ነው። 900 ሰው ሁሉ ጂሜይል ቢሆን እንኳ 0.3 በመቶ ማለት ሦስት ሰው አይሞላም። የሚቆጠሩት ደግሞ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ሁለት የተናደደ እንግዳ ይበቃሻል። ያ ዝርዝር ውስጥ ከሰባት ዓመት በፊት ዋጋ ጠይቆ ያልመጣ ሰው አለ? አውጪው። በወረቀት ቅጽ ላይ በእጅ ተጽፎ ወደ ኤክሴል የተገለበጠ አድራሻ አለ? በዓይንሽ እለፊው፣ «ጂሜይል» የሚለው ቃል ራሱ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደተጻፈ ትገረሚያለሽ። የማይሠሩ አድራሻዎች ሲበዙ መሣሪያው ራሱ አካውንትሽን ያግዳል።

የአውሮፓ እንግዶች ጉዳይ ደግሞ ሕግም አለበት። ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግ፣ ድርጅትሽ አዲስ አበባ ቢሆንም እዚያ ላሉ ሰዎች አገልግሎት እስካቀረብሽ ድረስ ይመለከትሻል። ጀርመን ላይ በተለይ ሳይፈቀድልሽ ማስታወቂያ መላክ ያስከፋል። አሜሪካኖቹ በ2003 ያወጡት ሕግ ፈቃድ አስቀድሞ ባይጠይቅም፣ የድርጅትሽ የፖስታ አድራሻ ደብዳቤው ላይ እንዲኖርና ልውጣ ያለውን ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንድታወጪ ያዝዛል። የመውጫውን ሊንክ መሣሪያው ራሱ ያስገባዋል። አሳንሰሽ አትደብቂው። መውጫ ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል።

አላላኩን በተመለከተ በአንድ ቀን 900 አትልቀቂ። ዶሜይንሽ እስከ ዛሬ ኢሜይል ልኮ አያውቅም፣ ስሙ ለመዝገብ ቤቷ አዲስ ነው። ብሬቮ በነፃው ፓኬጅ በቀን 300 ስለሚፈቅድ ገደቡ ራሱ ይጠቅምሻል። በመጀመሪያው ቀን ባለፈው ዓመት ለመጡት፣ ለሚያስታውሱሽ፣ ለሚመልሱልሽ 100 ያህል ሰዎች ላኪ። በሁለት ቀኑ ለሚቀጥሉት። የቆዩት በመጨረሻ። የነፃው ፓኬጅ ከታች የራሱን ምልክት ይለጥፍብሻል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ፍለጋ ከመሮጥሽ በፊት ነገሩ ለሥራሽ መጥቀም አለመጥቀሙን እዪው።

ደብዳቤውም ሁሉ ነገር ፎቶ የሆነ ፖስተር አይሁን። የጃንሜዳ ፎቶ አንድ ይበቃል፣ ቀሪው ጽሑፍ ይሁን። ባለ 10 ሜጋባይት ፒዲኤፍ አታያይዢ፣ ሳይትሽ ላይ አስቀምጪና ሊንኩን ስጪ። «መልስ የሚላክበት» በሚለው ቦታ የምታነቢውን አድራሻ ጻፊ። ሁሉንም ሰው በአንድ ጂሜይል ውስጥ በድብቅ ቅጂ አድርጎ መላክን ደግሞ ጭራሽ አታስቢው። አንድ ጊዜ ተሳስተሽ በግልጽ ቅጂው ብታስገቢ የ900 ሰው አድራሻ ለ900 ሰው አደልሽ ማለት ነው።

በመሃል ለመጀመሪያው መሣሪያ በሙከራ የሰጠሽው ፈቃድ ካለ አሁኑኑ ሰርዢው። በጉግል አካውንትሽ ውስጥ የሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎችና አገልግሎቶች የሚል ዝርዝር አለ፤ የማታውቂውን ሁሉ አውጪ። ፓስወርድሽን ያስገባሽበትም መሣሪያ ስለሆነ፣ ባይቀበለውም፣ ዋናውን ፓስወርድ ቀይሪ።

የልጁን መልስ ስታገኚ ወይም ከአይካን ገጽ የመዝጋቢውን ስም ስታዪ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ የዲኤንኤሱ ገጽ የት እንዳለ በዚያው መዝጋቢ አሳይሻለሁ። ስክሪንሾት ከላክሽ የእንግዶቹን አድራሻ ሸፍኚ። አፕ ፓስወርዱን ደግሞ ለእኔም ቢሆን እንዳትልኪው።